ፀሐይ ቀለበት ያሰረችበት እሑድ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የቅዱስ ላሊበላ በዓለ ዕረፍት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ ነው። ክረምቱ ደጅ ደርሷል፤ ኮሮና ሰውን ከሰው አራርቋል። ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ጨረቃ በፀሐይና በእኛ መካከል ገባች። ገባች እንጂ ፀሐይን ጨርሳ ልትሸፍናት አልቻለችም፤ በዙሪያዋ ቀጭን የእሳት ቀለበት ተረፈ። እንዲህ ያለው ግርዶሽ ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ይባላል።

የቀለበቱ መንገድ በኮንጎ ምድር ከፀሐይ መውጣት ጋር ጀመረ። የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክንና ደቡብ ሱዳንን አልፎ ወደ ምዕራብ ወለጋ ገባ፤ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ወጣ፤ ጎጃምን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቆርጦ እንደገና ዓባይን ተሻገረ። ጎጃምን ዓባይ ስለሚዞረው ጥላው ያንኑ አንድ ወንዝ ሁለት ጊዜ መሻገር ነበረበት። ከዚያ በላሊበላ ላይ አልፎ ወደ ኤርትራ፣ ወደ የመንና ወደ ኦማን ወረደ፤ ፓኪስታንን፣ ህንድን፣ ቻይናንና ታይዋንን አዳርሶ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ጠፋ። ስፋቱ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቀጭን መቀነት ነው። በመቀነቱ ውስጥ ለቆመ ሰው ቀለበቱ የታየው በአንድ ቦታ ቢበዛ ለአንድ ደቂቃ ከምናምን ነበር፤ ሰሜን ህንድ ላይ ሲደርስማ 38 ሰከንድ ብቻ ቆየ።

ደብረ ማርቆስ ከመቀነቱ ወደ ደቡብ ወጣ ብላ ስለምትገኝ ቀለበቱ አልደረሳትም። ሰማይ ለተገለጠለት ሰው የታየው ከዘጠና በመቶ በላይ የተሸፈነች፣ እንደ ማጭድ የቀጠነች ፀሐይ ነበረች። ይህንን ለማየት ደግሞ ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። የቆርቆሮ ጣሪያ ይበቃል።

በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አልተነገረውም። ሚስማሩ በወለቀበት ቀዳዳ የገባ ጨረር በጭቃው ግድግዳ ወይም በወለሉ ላይ የብርሃን ሳንቲም ይጥላል። ልጆች በእጃቸው ሊይዙት ይሞክራሉ። ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን ሆነ፣ የተቀደደ ሆነ፣ ከራቅ ያለ ግድግዳ ላይ የሚወርደው ብርሃን ግን ክብ ነው። ምክንያቱም ያ ክብ የቀዳዳው ቅርጽ አይደለም፤ የፀሐይዋ የራሷ ምስል ነው። ትንሽ ቀዳዳ ያለ ምንም መስታወት የፀሐይን ምስል ገልብጦ ይሥላል። ከቀዳዳው እስከ ግድግዳው ሦስት ሜትር ቢሆን ምስሉ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እንግዲህ ፀሐይ ስትጋረድ እነዚያ ሳንቲሞች ሁሉ ይገመጣሉ። በባሕር ዛፍ ቅጠሎች መካከል ሾልኮ መሬት ላይ የሚወርደው ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ከዛፉ ሥር አንድ ሺህ ትንንሽ ማጭዶች ይረግፋሉ። ማንም ሰው ዓይኑን ሳይጎዳ ግርዶሽን የሚያይበት ከሁሉ የቀለለ መንገድ ይህ ነው፤ በየቤታችንም አለ።

አሁን ወደ ቀለበቱ እንመለስ። ጨረቃ አንዳንዴ ፀሐይን ጥርቅም አድርጋ ትሸፍናለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ዙሪያዋን ታስተርፋለች። ለምን?

ጎጃም የጤፍ አገር ነውና በጤፍ እንለካው። ጨረቃን አንዲት የጤፍ ፍሬ እናድርጋት፤ ስፋቷ አንድ ሚሊ ሜትር። በዚህ ልክ ምድር ትንሽ የምስር ፍሬ ታክላለች። ፀሐይ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ሰፌድ ትሆናለች። ጤፏን ከምስሯ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀን እናስቀምጥ። ሰፌዱን ደግሞ 43 ሜትር ርቀን ሄደን፣ ማለትም ከሰፊ ግቢ ማዶ፣ አጥር ላይ እንስቀለው። ፀሐይ በስፋት ጨረቃን 400 እጥፍ ትበልጣለች፤ በርቀትም እንዲሁ 400 እጥፍ ገደማ ትርቃለች። ለዚህ ነው ከምስሯ ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ጤፏና ሰፌዱ እኩል መስለው የሚታዩት። እንዲህ ያለ መመጣጠን በሌሎች ፈለኮች ዘንድ የተለመደ አይደለም።

ሰፌዱ ሲያበራ ከጤፏ ኋላ የሾለ ጥላ ይፈጠራል። ጥላው እንደ ጎጆ ክዳን እየጠበበ ሄዶ 11 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል። ጨረቃ ደግሞ ምድርን የምትዞርበት መንገድ የተስተካከለ ክብ ስላልሆነ አንዳንዴ ቀረብ፣ አንዳንዴ ራቅ ትላለች፤ በእውነተኛው ልክ ከ356,500 እስከ 406,700 ኪሎ ሜትር ገደማ። በጤፉ ልክ ደግሞ ከ10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያነሰ ጀምሮ 12 ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ። ቀርባ በተገኘች ጊዜ የጥላው ጫፍ ምስሯን ይነካል፤ የተነካው ቦታ ሙሉ ግርዶሽ ያያል፣ ቀኑ ይጨልማል፣ ኮከብ ይወጣል። ርቃ በተገኘች ጊዜ ጥላው ምስሯ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ያልቃል። ከጫፉ በታች የቆመ ሰው የሚያየው ጨረቃ ከፀሐይ አንሳ፣ በመሐሏ ጥቁር ክብ ሆና፣ ዙሪያዋ ሲነድ ነው። የቀለበቱ ምሥጢር ይኸው ነው፤ ጥላ ሲያጥር።

የፀሐይም ርቀት ቢሆን አንድ ዓይነት ሆኖ አይዘልቅም። ብዙ ሰው ፀሐይ በሙቀት ወቅት እንደምትቀርብ ያስባል፤ ምድር ወደ ፀሐይ ከሁሉ በላይ የምትቀርበው ግን በገና አካባቢ፣ ብርዱ ጮቄ ላይ አመዳይ በሚጥልበት ወቅት ነው። የምትርቀው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ብርድና ሙቀትን የሚያመጣው የምድር መዘንበል እንጂ ይህ ጥቂት መቅረብና መራቅ አይደለም። ለቀለበቱ ግን ጥቂቷም ልዩነት ትቆጠራለች። ጥር 7 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ከገና ስምንት ቀን በኋላ፣ ፀሐይ ቀርባ ገዝፋ ጨረቃ ርቃ አንሳ ሳለች ግርዶሽ ሆነ። ኡጋንዳና ኬንያ ቀለበቱን አዩ፤ እኛ ከፊሉን አየን። ህንድ ውቅያኖስ ላይ ያ ቀለበት 11 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ቆየ፤ አውሮፓውያን ሦስተኛው ሺህ ብለው በሚቆጥሩት ዘመን ውስጥ ይህን የሚበልጥ የለም። የላሊበላው ቀለበት ግን የሰኔ ነበር፤ ፀሐይ ርቃ አንሳለች፣ ጨረቃም ልትሸፍናት ጥቂት ብቻ ነበር የጎደላት። ስለዚህ ቀለበቱ እንደ ክር ቀጠነ፤ ቆይታውም አጠረ።

ሠርቅ በየ29 ቀን ተኩሉ ይሠርቃል፤ ማለትም ጨረቃ በየወሩ በፀሐይ በኩል ታልፋለች። ታዲያ ግርዶሽ በየወሩ የማይሆነው ለምንድን ነው? የጨረቃ መንገድ ከፀሐይ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጨረቃ ከፀሐይ በላይ ወይም በታች ታልፋለች፤ ጥላዋም ምድርን ስቶ ይሄዳል። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙባቸው ሁለት መስቀለኛ ቦታዎች አሉ፤ ፀሐይ ከመስቀለኛው አጠገብ ሳለች ሠርቅ ከገጠመ ብቻ ግርዶሽ ይሆናል። ይህ ወቅት በየ173 ቀኑ፣ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይመጣል።

እዚህ ላይ ነው ጎጃሜ አንባቢ ከማንም ቀድሞ ነገሩ ሊገባው የሚችለው። ምክንያቱም ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ የቁጥር መግጠም ነው፤ የቁጥር መግጠም ደግሞ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የፋሲካን ቀን የምናገኝበት ቀመር፣ ሥራ ነው። በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ ደራሲውን ሐዲስ ዓለማየሁን በመሳሰሉ ሰዎች አስተዳደግ ውስጥ ስማቸው በሚነሣው በእነዚያ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች አገር፣ ወንበርና አበቅቴ የሚባሉት የቀመሩ ቁጥሮች እንግዳ አይደሉም። እስቲ የ2012ን ዓመት እናስላ። 5500ን ጨምረን 7512 ይሆናል። ለ19 ስናካፍለው 7 ይተርፋል፤ አንዱን ስለ ዘመኑ ትተን ወንበሩ 6 ነው። 6 በ11 ሲባዛ 66፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 6። 6 በ19 ሲባዛ 114፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 24። ሁለቱ ሲደመሩ 30።

ሁሉንም ነገር በ19 የምናካፍለው ለምንድን ነው? 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር ርዝመታቸው እኩል ለማለት ጥቂት ብቻ ስለሚቀራቸው ነው፤ ልዩነቱ በ19 ዓመት ውስጥ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቀመሩ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ የድሜጥሮስ ነው። ግሪኮች ያንኑ ቁጥር የአቴናውን የሜቶንን ስም ሰጥተው ይጠሩታል። እንግዲህ ወንበሩ እኩል በሆነ ዓመት ጨረቃ በዚያው ቀን እንደገና ትሠርቃለች። በዚያው ቀንስ ግርዶሽ ይደገማል? 1993ን ያስሉት፤ ወንበሩ 6። 2031ን ያስሉት፤ ወንበሩ 6። ሰኔ 14 ቀን 1993 ዓ.ም. በዛምቢያ፣ በዚምባብዌና በማዳጋስካር ላይ ሙሉ ግርዶሽ ሆኗል። ሰኔ 14 ቀን 2012 የእኛው ቀለበት ታየ። ሰኔ 14 ቀን 2031 ደግሞ በአላስካ፣ በካናዳና በኖርዌይ ላይ ቀለበት ይታያል። ሦስቱም ሰኔ 14። እኔ ይህንን መጀመሪያ ያሰላሁ ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብያለሁ፤ የፋሲካን ቀን ለማግኘት የተማርነው ቀመር ሰማይ ላይ እንዲህ ፊት ለፊት ሲታይ ያስደንቃል።

ይሁን እንጂ የ19ኙ ዙር ለግርዶሽ ረጅም ዕድሜ የለውም። አራት ወይም አምስት ጊዜ ደግሞ ይበጠሳል፤ ሠርቁን ይጠብቃል እንጂ መስቀለኛውን አጥብቆ አይዝምና። ለግርዶሽ የሚሆነው ቁጥር ሌላ ነው፤ ባቢሎናውያን ለብዙ መቶ ዓመታት በሸክላ ላይ ከጻፉት መዝገብ ያገኙት። ዛሬ ሳሮስ ይባላል።

የሳሮስን ነገር በገበያና በማኅበር እንየው። አንዲት ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች፤ በወሩ በ12 ደግሞ የሚካኤል ማኅበር አላት። ጳጉሜን ካልቆጠርን ሁለቱ በአንድ ቀን የሚገጥሙባት በየ210 ቀኑ ነው፤ በ7ም በ30ም የሚካፈል የመጀመሪያው ቁጥር ያ ነውና። ጨረቃ ደግሞ ሦስት ቀጠሮ አላት። ከሠርቅ እስከ ሠርቅ 29.53 ቀን፤ ከመስቀለኛ እስከዚያው መስቀለኛ 27.21 ቀን፤ ከቅርብ ቦታዋ እስከ ቅርብ ቦታዋ 27.55 ቀን። ሦስቱ ተለያይተው ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ከዚያም በ6,585ኛው ቀን ላይ ይገናኛሉ። 223 ሠርቅ፣ 242 የመስቀለኛ ዙር፣ 239 የቅርበት ዙር፤ ሁሉም በጥቂት ሰዓታት ልዩነት አብረው ያልቃሉ። ስለዚህ ያ ቀን ሲደርስ ሠርቅ ነው፣ መስቀለኛውም አለ፣ የጨረቃም ርቀት እንደ ቀድሞው ነው። የቀድሞው ግርዶሽ ወንድም ይመጣል፤ ቀለበት ከነበረ ቀለበት፣ ሙሉ ከነበረ ሙሉ።

6,585 ቀን በእኛ አቆጣጠር 18 ዓመት ከ11 ቀን ነው፤ ጳጉሜን አምስት ጊዜ ስድስት የሆነችበት ዘመን በመካከል ከገባ 10 ቀን። ከላይዋ ደግሞ ስምንት ሰዓት ያህል ትርፍ አለች። ይህች ትርፍ ትንሽ ብትመስልም ነገሩን ሁሉ የምታዛውር እሷ ናት። በስምንት ሰዓት ውስጥ ምድር የዙሯን ሲሶ ትዞራለች፤ ስለዚህ ወንድምየው የሚወርደው በዚያው አገር ላይ ሳይሆን የዓለምን ሲሶ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ነው። ወደዚያው አካባቢና ወደዚያው ሰዓት የሚመለሰው ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ፣ ማለትም ከ54 ዓመት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው።

ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶች ይህን ዙር በሕይወታቸው ሊያዩት ይችላሉ። ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም. ንጉሡ ገና በዙፋን ላይ ሳሉ ከሞሪታኒያ እስከ ኬንያ የወረደ ታላቅ ሙሉ ግርዶሽ ሆኖ ነበር፤ ሳህራ ላይ ጨለማው ከሰባት ደቂቃ በላይ ቆይቷል። ሁለተኛው ወንድም ሐምሌ 4 ቀን 1983 በሜክሲኮ ላይ አለፈ። ሦስተኛው ሐምሌ 15 ቀን 2001 በህንድና በቻይና ላይ። አራተኛው ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሰኞ ወደ አፍሪካ ይመለሳል፤ ሞሮኮን፣ አልጄሪያን፣ ሊቢያን አቋርጦ ግብፅ ላይ ሉክሶር አጠገብ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይጨልማል፣ ከዚያም በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አድርጎ ወደ ሶማሊያ ይወርዳል። ጎጃም ፀሐይዋ ከግማሽ በላይ ስትሸፈን ያያል፤ ደመናው ካስቻለ። ሐምሌ ነውና በዚህ ተስፋ መስጠት አልችልም። 1965ን የሚያስታውስ ሽማግሌ ቤት ውስጥ ካለ ግን ያን ዕለት አጠገቡ ተቀመጡ።

የእኛው የሰኔ 14 ቀለበት ከሌላ ቤተሰብ ነው። ሊቃውንቱ 137ኛ ብለው ቆጥረውታል። የመጀመሪያው ልጅ በ1381 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ዐፄ ዳዊት ዘመን፣ ዘርዐ ያዕቆብ ገና ሳይወለድ፣ በሰሜን ዋልታ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ጉርሻ የታየ ከፊል ግርዶሽ ነበር። ከዚያ በየ18 ዓመቱ ጥላው ወደ ደቡብ እየተንሸራተተ መጣ። ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን እስከ አድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን ድረስ የተወለዱት ሙሉ ግርዶሾች ነበሩ፤ ያኔ ጨረቃ ትቀርብ ነበርና። የቅርበቷ ዙር በየሳሮሱ ጥቂት ሰዓት ስለሚያልፍ ርቀቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ሙሉነቱና ቀለበትነቱ የተቀላቀለበት ረጅም ጊዜ አለፈና ከግንቦት 1 ቀን 1940 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቹ ሁሉ ቀለበት ሆኑ። ግንቦት 12 ቀን 1958 ግሪክና ቱርክ አዩት። ከዚያ 54 ዓመት ከአንድ ወር ቆጥሮ፣ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ እኛ ዘንድ መጣ። የላሊበላው 36ኛው ነው። ጠቅላላው 70 ነው፤ የመጨረሻው በ2625 ዓ.ም. በደቡብ ዋልታ ላይ ይሰናበታል። የነገሥታት ዝርዝር እንደምናውቅ ይህንንም ዝርዝር ልጆቻችን ቢያውቁት እወዳለሁ፤ እርሱም የዘመን ቆጠራ ነውና።

37ኛው መቼ ነው? አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላይ 18 ዓመት ከ11 ቀን ሲጨመር ሰኔ 25 ቀን 2030 ዓ.ም.። ትርፏ ሰዓት ጥላውን ወደ ምዕራብ ስለምታዛውረው መንገዱ በደቡብ አሜሪካ ሰሜን አድርጎ አትላንቲክን ይሻገራል፤ ከሞሪታኒያ ጀምሮ አፍሪካን በወርድ ያቋርጣል፤ በኢትዮጵያና በኬንያ አካባቢም ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። በ2012 የጥላው ጉዞ ከእኛ ሰፈር አካባቢ ጠዋት ጀመረ፤ በ2030 ወደ እኛ ሰፈር ማታ መጥቶ ያልቃል። ታላቁን ወንድም በምሥራቅ ተቀበልነው፤ ታናሹን በምዕራብ እንሸኘዋለን።

ስለ ፍርሃቱም አንድ ነገር ልበል። ፀሐይ በቀን ስትጨልም አባቶቻችን ደንግጠው እግዚኦ ማለታቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ የጦርና የቸነፈር ዘመን ያየ ሕዝብ ሰማዩን በጥንቃቄ ያነብባል። ነገር ግን የእኛው ሊቃውንት የተፈጥሮን ግርዶሽ ከተአምር ለይተው ያውቁ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። የዓርብ ስቅለትን ጨለማ ያስቡት። ፋሲካ የሚውለው ጨረቃ በሞላች ጊዜ ነው፤ ፀሐይ የምትጋረደው ደግሞ በሠርቅ ብቻ ነው፣ ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ተቃራኒ ናትና ልትጋርዳት አትችልም። የሙሉ ግርዶሽ ጨለማ ቢበዛ ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ የስቅለቱ ጨለማ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ያ ጨለማ ግርዶሽ እንዳልነበረ ከቀመሩ ብቻ ይረዳል። በግእዝ ብቻ ሙሉ ሆኖ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክም የፀሐይና የጨረቃን መውጫ መግቢያ በመስኮትና በቁጥር የሚያስረዳ ሰፊ ክፍል አለው። ሰማይን መቁጠር ለእኛ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም።

የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ዓይንን። በቀለበታዊ ግርዶሽ ወቅት ፀሐይን በባዶ ዓይን ማየት የሚቻልባት አንዲት ሰከንድ እንኳ የለችም። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400,000 ጊዜ ትደምቃለች፤ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢቀር እንኳ የ4,000 ሙሉ ጨረቃ ብርሃን ነው። በዓይናችን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የሚሉት፣ ሲቃጠል አያምም፤ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም። ሰውየው የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ በሚያየው ነገር መሐል ላይ ጥቁር ነጥብ ሲተከል ነው። በባልዲ ውኃ ውስጥ ማየት፣ በራጅ ፊልም ማየት፣ በጥላሸት ባጠቆሩት መስታወት ማየት፣ ተራ ጥቁር መነጽር ማድረግ፣ አንዱም አያድንም። የሚያድነው አይ ኤስ ኦ 12312-2 የሚል መለኪያ ያሟላ የግርዶሽ መነጽር፣ ወይም ቁጥር 14 የሆነ የብየዳ መስታወት ነው። እነዚህ ከሌሉ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅቶ ምስሉን ነጭ ወረቀት ላይ ማየት ነው። ወይም ወደ ቆርቆሮ ቤት መግባት።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ደግ ነው፤ ይበዛሉ ብዬም አምናለሁ። ለግርዶሽ ግን ደብረ ማርቆስ እንጦጦን መጠበቅ የለባትም። የፊዚክስ መምህሩና የባሕረ ሐሳብ መምህሩ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ፣ አንዱ የጥላውን ርዝመት፣ ሌላው የሠርቁን ቀን ይዞ፣ ለአንድ ከተማ ተማሪዎች የሚሆን ትምህርት ከመካከላቸው ይወጣል። ይህን ማደራጀት የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን ሥራ ነው፤ ጊዜውም አለ።

በዚያ እሑድ ጠዋት ጎጃም ውስጥ የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ከ11 ቀን ሲሞላው የቀለበቱ ታናሽ ወንድም ማታ በምዕራብ ይመጣል። ቀኑን ከሌሎቹ የቤተሰብ ቀኖች ጋር ጻፉለት። ሰኔ 25 ቀን 2030 ዓ.ም.፤ ዓርብ ይውላል።